የጤና ጣቢያው ዜሮ ምን ይነግረናል? የበሽታ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ቅኝት እንዴት ይመዘናል

ከአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ በመጣ ሳምንታዊ ሪፖርት ላይ፣ ከኩፍኝ ትይዩ ዜሮ ተጽፎ ሲገኝ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ በአካባቢው ኩፍኝ የለም፤ ወይ ደግሞ ከጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ መንደር ኩፍኝ ሕፃናትን እየጣለ ነው፤ ነገር ግን ያየው የለም፣ ያየውም አልመዘገበውም፣ የመዘገበውም አላስተላለፈውም። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ዜሮዎች አይለያዩም። ሪፖርቱን ለሚቀበለው ቢሮ ሁለቱም መልካም ዜና ይመስላሉ።

ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር «ለምን ቀድሞ አልታወቀም?» የሚል ጥያቄ ይከተላል። መልሱም ብዙ ጊዜ የጤና ሠራተኛውን ቸልተኝነት ወይም የኮምፒውተር አለመኖርን ለመውቀስ ይቸኩላል። ማስጠንቀቂያው የት ላይ እንደተቋረጠ በትክክል የሚታወቀው ግን ሥርዓቱ ሲመዘን ነው። አመዛዘኑ የባለሙያዎች ምሥጢር መስሎ ይታይ እንጂ ማንም አንባቢ ሊከተለው ይችላል።

## ለመሆኑ ቅኝት ሲባል ምንድን ነው?

የበሽታ ቅኝት ስለ ሕመምና ስለ ሞት የሚገኘውን መረጃ ሳያቋርጡ መሰብሰብ፣ መተንተንና ለእርምጃ ማዋል ነው። ለእርምጃ ያልዋለ መረጃ መደርደሪያ ይሞላል እንጂ ቅኝት አይባልም። ቅድመ ማስጠንቀቂያ ደግሞ የዚሁ ሥራ አንድ ክፍል ነው፤ ተግባሩ እያንዳንዱን ሕመምተኛ መቁጠር ሳይሆን ከወትሮው የተለየ ነገር ሲከሰት ፈጥኖ ማሳወቅ ነው። ማማ ላይ ሆኖ እሸት የሚጠብቅ ሰው ወፉን ሁሉ አይቆጥርም፤ መንጋው ማሳው ላይ ከመስፈሩ በፊት ድምፁን ማሰማት ግን ግዴታው ነው።

መረጃው የሚገባው በሁለት በር ነው። የመጀመሪያው መደበኛው ነው፤ ጤና ጣቢያው በየሳምንቱ የተወሰኑ በሽታዎችን ቁጥር በቅጽ ሞልቶ ይልካል። ሁለተኛው በር ወሬ ነው። «በእነ እገሌ መንደር በሁለት ቀን አራት ሰው በተቅማጥ ሞተ»፣ «ከብቶቹ ድንገት እየወደቁ ነው»፣ «ትምህርት ቤቱ በሳል ባዶ ቀረ» የሚሉ ወሬዎች ተጣርተው ወደ ሥርዓቱ ይገባሉ። ባለሙያዎች የፊተኛውን በአኃዝ ላይ የተመሠረተ፣ የኋለኛውን በክስተት ላይ የተመሠረተ ቅኝት ይሉታል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አዲስ በሽታ በቅጹ ላይ ስም ስለሌለው በመጀመሪያው በር ሊገባ አይችልም።

ማንቂያው የሚሰማው መቼ ነው? ለአንዳንድ በሽታዎች አንድ የተጠረጠረ ሕመምተኛ ይበቃል። ፖሊዮ እንዲህ ነው፤ ቢጫ ወባም እንዲሁ፤ ኮሌራ ባልነበረበት ቦታ ኮሌራም እንዲሁ። ለሌሎች ደግሞ አስቀድሞ የተቀመጠ ወሰን አለ። ለምሳሌ በአፍሪካ የማጅራት ገትር ቀበቶ፣ ማለትም በሽታው ደጋግሞ በሚነሣበት አካባቢ፣ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከ30 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ ላለው አካባቢ ሁለት ወሰን ያስቀምጣል፦ በአንድ ሳምንት ከ100 ሺህ ሰው 3 የተጠረጠሩ ሕመምተኞች ከተገኙ ማንቂያ፣ 10 ከደረሱ ወረርሽኝ። ሕዝቡ ከ30 ሺህ በታች ከሆነ በአንድ ሳምንት 2 ሰዎች ለማንቂያ፣ 5 ሰዎች ለወረርሽኝ በቂ ናቸው። ወባ ባለበት ቦታ ደግሞ የዘንድሮው ሳምንት ካለፉት ዓመታት ተመሳሳይ ሳምንት ጋር ይነጻጸራል፤ ወባ በየዝናቡ ወቅት መጨመሩ የሚጠበቅ ነውና ጥያቄው ጭማሪው ከሚጠበቀው በላይ ሆነ ወይ የሚለው ነው።

## ለምን በተለይ የገጠር ጤና ጣቢያ?

ምዕራብ አፍሪካን ያናወጠውን የኢቦላ ወረርሽኝ እንውሰድ። የመጀመሪያው ታማሚ እንደሆነ የሚታመነው ሕፃን የታመመው በጊኒ ደን አካባቢ፣ ሜልያንዱ በምትባል ትንሽ መንደር፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ነበር። በሽታው ኢቦላ መሆኑ በላቦራቶሪ የተረጋገጠው በማርች 2014 ነው። በመካከሉ ሦስት ወር ገደማ አለፈ። ትኩሳቱ፣ ትውከቱና ተቅማጡ በአካባቢው የተለመዱ ሌሎች በሽታዎችን ይመስል ስለነበር ለብቻው ጎልቶ አልታየም። ከቀደሙት ሟቾች መካከል የጤና ሠራተኞች ነበሩበት፤ ሕመምተኛን ያስታመሙ ባለሙያዎች በተከታታይ መሞታቸው የበሽታው ስም ባይታወቅም እንኳ ከማንኛውም ቅጽ በላይ የሚናገር ምልክት ነው። ወረርሽኙ እስኪያበቃ ከ28 ሺህ 600 በላይ ሰዎች ተይዘው ከ11 ሺህ 300 በላይ ሞቱ።

እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀውና ከጁን 2007 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ አገሮችን የሰዓት ግዴታ ውስጥ አስገብቷል። አገሪቱ አስቸኳይ ክስተት ሪፖርት ሲደርሳት በ48 ሰዓት ውስጥ መመርመር አለባት፤ ዓለም አቀፍ ስጋት ሊሆን የሚችል ነው ብላ ከወሰነች ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ታሳውቃለች። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ግን ወሬው ወደ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። መንደር ውስጥ የጠፉት ሳምንታት በዚህ ቆጠራ አይገቡም። ደንቡ ራሱ ከሚጠበቀው በላይ የሆነ ሕመምና ሞትን የማወቅ አቅም በማኅበረሰብ ደረጃ እንዲኖር የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ይህን ከባድ ሸክም በተግባር የሚሸከመው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነርስ ነው፤ ያውም በዚያው ቀን የሚያዋልድ፣ የሚከትብና የቁስል ፋሻ የሚቀይር።

## መረጃው የት የት ላይ ይንጠባጠባል?

አንድ ልጅ ታመመ እንበል። ቤተሰቡ ወደ ጤና ጣቢያ ላይወስደው ይችላል፤ ባህላዊ ሐኪም ዘንድ ወይም መድኃኒት መሸጫ ይሄድና እዚያው ይቀራል። ጤና ጣቢያ ቢደርስ በመዝገቡ ላይ «ትኩሳትና ሽፍታ» ተብሎ ብቻ ሊጻፍ ይችላል፤ ከኩፍኝ መለያ መስፈርት ጋር ያስተያየው ሰው የለም። መለያ መስፈርት ማለት ማን እንደ «ተጠርጣሪ» እንደሚቆጠር የሚወስን አጭር መግለጫ ነው። ከ15 ዓመት በታች የሆነ ማንኛውም ልጅ እጁ ወይም እግሩ ድንገት ከዛለ የፖሊዮ ተጠርጣሪ ነው፤ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ የሐኪም እርግጠኝነትም አያስፈልግም። ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ እርግጠኛ እስኪኮን መጠበቅ ማለት መዘግየት ማለት ነውና።

ከመዝገቡ ወደ ሳምንታዊው ቅጽ ሲገለበጥም ይጠፋል። ቅጹ ተሞልቶ ሞተር ብስክሌት ወይም የስልክ ሒሳብ ሲጠብቅ ይዘገያል። ደርሶም ቢሆን ቁጥሩን ከወሰኑ ጋር የሚያስተያይ ሰው ላይኖር ይችላል። አስተያይቶ ማንቂያ የሰጠ ቢኖር እንኳ ሄዶ የሚያጣራ ቡድን መኪና ያጣል፤ የተወሰደው ናሙና በሙቀት ይበላሻል።

ስሌቱ የሚያስደነግጥ ነው። ከእነዚህ ደረጃዎች አምስቱን ብቻ ወስደን፣ በእያንዳንዱ ላይ ሥራው 80 በመቶ በደንብ ይሠራል እንበል። 80 በመቶ ለብቻው ሲታይ መጥፎ ውጤት አይመስልም። አምስት ጊዜ ሲደራረብ ግን ከ100 ሕመምተኞች ወደ መጨረሻው የሚደርሱት 33 ብቻ ናቸው። ማንም ሰው ሥራውን ሳይተው፣ ሁሉም ደህና ውጤት እያመጣ፣ ከሦስት ሕመምተኞች ሁለቱ ከዕይታ ይጠፋሉ። ጥፋተኛ ፍለጋ መሄድ ለምን እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር አላውቅም።

## ግምገማው በምን በምን ይመዝናል?

በዓለም ላይ በስፋት የሚጠቀሰው መለኪያ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2001 አሻሽሎ ያወጣው መመሪያ ነው። መመሪያው ዘጠኝ ባሕርያትን ይዘረዝራል፦ ቀላልነት፣ እንደ ሁኔታው መለወጥ መቻል፣ የመረጃ ጥራት፣ በሠራተኞች ዘንድ ተቀባይነት፣ በሽታን የማየት አቅም፣ የማንቂያ ትክክለኛነት፣ ወካይነት፣ ወቅታዊነትና ጽናት። ለገጠር ጤና ጣቢያ ሁሉም እኩል አይመዝኑም። የማየት አቅም፣ ወቅታዊነት፣ ወካይነትና ተቀባይነት ከሌሎቹ ቀድመው መታየት አለባቸው።

ገምጋሚው ቢሮ ተቀምጦ የኮምፒውተር ሰንጠረዥ ቢመረምር የሚያገኘው ሥርዓቱ ስለ ራሱ የሚናገረውን ብቻ ነው። ሥራው የሚጀምረው የሕመምተኞች መመዝገቢያ መዝገብ ሲገለጥ ነው። ከዚያ በፊት ግን የቦታ ምርጫው ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አስፋልት ዳር ያሉት ጤና ጣቢያዎች ብቻ ከተመረጡ ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ይወጣል፤ ወረርሽኝ ግን የሚፈጀው መኪና የማይደርስበትን ነው።

## ሪፖርቱ በሰዓቱ ከደረሰ ምን ጎደለ?

በብዙ አገሮች መጀመሪያ የሚታዩት ሁለት መቶኛዎች ናቸው። አንዱ መሟላት ነው፤ መምጣት ከነበረባቸው ሪፖርቶች ስንቱ መጣ? ሁለተኛው ወቅታዊነት ነው፤ ከመጡት ስንቱ ከቀነ ገደቡ በፊት ደረሰ? የተለመደው ግብ ለሁለቱም 80 በመቶ ነው። ለማስላት ስለሚቀሉ ብዙ ግምገማ እዚህ ላይ ይጀምርና እዚሁ ላይ ያበቃል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው።

አንድ ወረዳ 20 ጤና ጣቢያዎች ቢኖሩትና በየሳምንቱ 18ቱ ቢልኩ መሟላቱ 90 በመቶ ነው። የቀሩት ሁለቱ በየሳምንቱ የሚቀያየሩ ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው። ዓመቱን ሙሉ እነዚያው ሁለቱ ከሆኑ፣ ያውም ወንዝ ማዶ ያሉት፣ ክትባት ያልተዳረሰባቸው፣ ስልክ የማይሠራባቸው ከሆኑ ግን ወረዳው 90 በመቶ እያየ ሳይሆን በጣም ማየት የሚገባውን 10 በመቶ እየሳተ ነው። ወካይነት የሚባለው መለኪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፦ የጎደለው ማን ነው?

ወቅታዊነትም እንዲሁ ያታልላል። ቅጹ ሰኞ መድረሱ ሕመሙ በጊዜ መታወቁን አያሳይም። ልጁ የታመመበትን፣ ጤና ጣቢያ የመጣበትን፣ በሽታው የተጠረጠረበትን፣ ሪፖርት የተላከበትን፣ ማጣራት የተጀመረበትንና የላቦራቶሪ ውጤት የመጣበትን ቀን ለየብቻ ይዞ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት መለካት ያስፈልጋል። ይህ ሲደረግ ብዙ ጊዜ ረጅሙ መዘግየት ጤና ጣቢያው ውስጥ ላይገኝ ይችላል፤ ከጤና ጣቢያው በፊት፣ ቤት ውስጥ በተቆየበት ጊዜ፣ ወይም ከጤና ጣቢያው በኋላ፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ሲጠብቅ ሊሆን ይችላል። ኮሌራ ከተዋሲያኑ መግቢያ እስከ ምልክቱ መታየት ከሰዓታት እስከ 5 ቀን ብቻ ይፈጅበታል። ሳምንት የሚፈጅ መዘግየት ለኮሌራ ተጨማሪ የመተላለፊያ ጊዜ መስጠት ነው።

ሌላም ማጣሪያ አለ። ሪፖርቶቹን ጎን ለጎን ደርድሮ ማየት። ለተከታታይ ሳምንታት አንድ ዓይነት ቁጥር ከተደጋገመ፣ የተቅማጥ ሕመምተኞች ዘወትር 10 ወይም 15 ወይም 20 ከሆኑ፣ ቅጹ የተሞላው ከመዝገቡ ሳይሆን ከትዝታ ነው። በመዝገብ የተደገፈ ቁጥር እንዲህ ለስልሶ አይመጣም።

## ያልታየ በሽታ እንዴት ሊቆጠር ይችላል?

የግምገማው እምብርት ይህ ነው። ሥርዓቱ ከነበሩት ሕመምተኞች ምን ያህሉን አየ? የነበሩትን ሁሉ የሚያውቅ ስለሌለ ጥያቄው መልስ የሌለው ይመስላል። ቢያንስ ሦስት መንገዶች ግን አሉ።

የመጀመሪያው መዝገቡን መልሶ መቁጠር ነው። ገምጋሚው ያለፉትን ሦስት ወራት የተመላላሽ ሕሙማን መዝገብ ገጽ በገጽ ያነብባል፤ መለያ መስፈርቱን የሚያሟላውን ሁሉ ነቅሶ ከተላከው ሪፖርት ጋር ያስተያያል። መዝገቡ ውስጥ ትኩሳት፣ ሽፍታና ሳል ያለባቸው 12 ልጆች ተገኝተው ሪፖርት የተደረጉት 3 ከሆኑ፣ ጤና ጣቢያው በእጁ ካለፉት ሕመምተኞች የያዘው ሩቡን ብቻ ነው። በጣም ቀላል ዘዴ ነው፤ እርሳስና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። ድክመቱ ጤና ጣቢያውን ያልረገጠውን ልጅ አለማሳየቱ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ወደ መንደር መውረድ ነው። እናቶችን፣ የሃይማኖት አባቶችን፣ መምህራንን መጠየቅ፤ የትምህርት ቤት መቅረት መዝገብን፣ አዳዲስ መቃብሮችን ማየት። ጤና ጣቢያው ያላየው ነገር መንደሩ ያውቀዋል። ቀብር የማይቆጥር መንደር የለምና።

ሦስተኛው ከሁሉም ረቂቁ ነው፤ ለዓመታት የፖሊዮ ቅኝት የቆመውም በእርሱ ላይ ነው። ፖሊዮ በሌለበት አገር እንኳ በሌሎች ምክንያቶች እጅና እግራቸው ድንገት የሚዝል ልጆች ሁልጊዜ ይኖራሉ፤ ከ15 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሺህ ልጆች ውስጥ በዓመት ቢያንስ 1። ስለዚህ ጠንቃቃ ሥርዓት ይህን አንድ ልጅ ማግኘት አለበት። ካላገኘ «ፖሊዮ የለም» ማለቱ አይታመንም፤ እየፈለገ አይደለምና። ስጋት ባለባቸው አካባቢዎች ግቡ ከፍ ይላል። ከእነዚህ ልጆች 80 በመቶው የሰገራ ናሙና፣ ሁለት ጊዜ፣ ቢያንስ በ24 ሰዓት ልዩነት፣ ከዛሉበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ሊወሰድላቸው ይገባል። ለኩፍኝም ተመሳሳይ መለኪያ አለ፤ ተጠርጥረው፣ ተመርምረው ኩፍኝም ሆነ ሩቤላ (ኩፍኝን የሚመስል ሽፍታ የሚያወጣ ሌላ በሽታ) ያልተገኘባቸው ሰዎች ከ100 ሺህ ሰው በዓመት ቢያንስ 2 መገኘት አለባቸው። ዜሮ በራሱ ማስረጃ ሳይሆን፣ ሲፈለግ ቆይቶ የተገኘ ዜሮ ብቻ ማስረጃ የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ይህ መለኪያ ለትልቅ ሕዝብ የተሠራ ነው። 25 ሺህ ሰው የሚያገለግል አንድ ጤና ጣቢያ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ 10 ሺህ ልጆች ቢኖሩት፣ እንዲህ ያለ ልጅ የሚጠበቀው በ10 ዓመት አንድ ጊዜ ነው። አምስት ዓመት ያላየ ጤና ጣቢያ ሥራውን አልሠራም ብሎ መፍረድ ግፍ ነው። መቶኛው በዞን ወይም በክልል ደረጃ ይሰላል፤ ጤና ጣቢያው ላይ ግን የሚመረመረው ዝግጁነት ነው። ገምጋሚው ነርሷን «ትናንት ይሮጥ የነበረ ልጅ ዛሬ እግሩ አልታዘዝ ቢለው ምን ያደርጋሉ? ለማንስ ይደውላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ ሳይንተባተብ ከመጣ፣ የስልክ ቁጥሩም ግድግዳው ላይ ካለ፣ ያ ጤና ጣቢያ ነቅቶ እየጠበቀ ነው።

## ብዙ የሐሰት ማንቂያ የሚሰጥ ጤና ጣቢያ ደካማ ነው?

አብዛኛው ሰው «አዎ» ይላል። መልሱ ግን «አብዛኛውን ጊዜ አይደለም» ነው።

በዓመት 40 ማንቂያ ተሰጥቶ ሲጣራ 8ቱ እውነተኛ ወረርሽኝ ሆነው ቢገኙ የማንቂያው ትክክለኛነት 20 በመቶ ነው። ከአምስት አራቱ ከንቱ ድካም ይመስላል። የአንድ ሐሰተኛ ማንቂያ ዋጋ ግን ግማሽ ቀን የሞተር ብስክሌት ጉዞና ጥቂት ጥያቄ ነው፤ የአንድ ያመለጠ ማንቂያ ዋጋ ደግሞ የሰው ሕይወት ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። በተጨማሪም በሽታው እየቀነሰ ሲሄድ የሐሰት ማንቂያው ድርሻ በራሱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ክትባት የተሳካበት አካባቢ ሽፍታ ያለበት ልጅ ሁሉ ሲመረመር አብዛኛው ኩፍኝ ላይሆን ይችላል፤ ይህም የስኬት ምልክት ነው። ይልቅ ሊያሳስብ የሚገባው ዓመቱን ሙሉ አንድም ማንቂያ ያልሰጠ ጤና ጣቢያ ነው።

ይህ ማለት ግን የሐሰት ማንቂያ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። አጣሪው ቡድን በተደጋጋሚ ባዶ እጁን ከተመለሰ አንድ ቀን መሄዱን ይተዋል። መፍትሔው ሠራተኛውን ዝም ማሰኘት ሳይሆን ወሰኑን መፈተሽ ነው። ወሰኑ የተሰላበት የሕዝብ ቁጥር አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ አዲስ ሰፋሪ ወይም ተፈናቃይ ሲመጣ ሕዝቡ ይጨምራል፣ ወሰኑ ግን እንደ ድሮው ይቆያል፤ ያን ጊዜ ተራ የወባ ወቅት ወረርሽኝ ይመስላል።

## ሠራተኛው ካወቀ፣ ለምን ሪፖርት አያደርግም?

ተቀባይነት የሚባለው ባሕርይ በቁጥር ብቻ አይለካም፤ በይበልጥ በጭውውት ነው የሚገኘው። ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ገምጋሚ ሠራተኞቹ ምክንያቶቻቸውን ይነግሩታል። አንድን በሽታ ለተለያዩ ፕሮግራሞች በተለያዩ ቅጾች ደጋግሞ መጻፍ አንዱ ነው። የስልክ ሒሳብን ከኪስ መክፈል ሌላው ነው። ፍርሃትም አለ፤ ኩፍኝ ተገኘ ብሎ የጻፈ ሰው «ክትባቱን ምን ስትሠሩ ነበር?» ተብሎ ከተጠየቀ በሚቀጥለው ጊዜ «ትኩሳት» ብሎ ይጽፋል። ከፍ ባለው ደረጃም ይኸው ፍርሃት በሌላ መልክ ይመጣል፤ ኮሌራን በስሙ መጥራት ንግድንና እንግዳን ያርቃል የሚል ስጋት አገሮችን ዝም ሲያሰኝ ኖሯል።

ከሁሉም በላይ ግን ተስፋ የሚያስቆርጠው መልስ ማጣት ነው። ነርሷ ናሙና ወስዳ፣ በበረዶ አሽጋ፣ መኪና ለምና ላከች። ውጤቱ ግን አልተመለሰም። የልጁ እናት ጠይቃት የምትመልሰው አጣች። ሁለተኛ ጊዜም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ናሙና ባትወስድ ማን ይወቅሳታል? ስለዚህ ገምጋሚ አንድ ጥያቄ ብቻ የመጠየቅ ዕድል ቢኖረው «ባለፈው የላኩት ናሙና ውጤት ደረሰዎት?» ብሎ ቢጠይቅ ስለ ሥርዓቱ ጤንነት ከብዙ ሰንጠረዥ የበለጠ ይማራል። ላኪው ዘንድ የሚመለስ አጭር መልእክት፣ ወይም ግድግዳ ላይ የተለጠፈና በየሳምንቱ በእጅ የሚሳል የቁጥር መስመር፣ ሪፖርቱን ከበላይ ትእዛዝ ወደ ራስ ጉዳይ ይለውጠዋል።

## ስልክና ኮምፒውተር ቢገዛስ?

ይረዳል። በኢንዶኔዥያ ፑስኬስማስ የሚባሉት የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ሳምንታዊ ቁጥራቸውን በአጭር የስልክ መልእክት ሲልኩ ቆይተዋል፤ ወሰን ሲታለፍ ሥርዓቱ ራሱ ያሳውቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጦርነትና አደጋ ለመታቸው አካባቢዎች በአንድ ሣጥን የሚገባ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ አዘጋጅቷል፦ 60 የእጅ ስልኮች፣ ላፕቶፖች፣ መረጃ ማስቀመጫ ኮምፒውተርና በፀሐይ የሚሠራ ኃይል መሙያ። ዋጋው 15 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ሲሆን 50 ክሊኒኮችን፣ ማለትም ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰውን ለመሸፈን ታስቦ የተሠራ ነው።

ሆኖም ስልክ የሚያፋጥነው መንገዱን እንጂ ዓይንን አይደለም። መዝገብ ላይ «ትኩሳት» ተብሎ የተጻፈ ኩፍኝ በወረቀትም በስልክም ያው ትኩሳት ሆኖ ይደርሳል። ጽናት የሚባለው መለኪያ የሚፈትነውም እዚህ ላይ ነው፤ የሙከራው ገንዘብ ሲያልቅ የስልኩን ሒሳብ ማን ይሞላል? የተሰበረውን ማን ይጠግናል? የሠለጠነችው ነርስ ስትዛወር የምትተካት ማን ያሳያታል? መብራትና ኔትወርክ በሚጠፋባቸው ሳምንታት የወረቀቱ ቅጽ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ ወይ?

## ከግምገማው በኋላ ምን መምጣት አለበት?

መጀመሪያ ውጤቱ ለተገመገሙት ሰዎች ይነገራል፤ ያውም ገምጋሚው ከግቢው ከመውጣቱ በፊት። ብዙው ችግር እዚያው የሚፈታ ነው፦ የጠፋውን መለያ መስፈርት ግድግዳ ላይ መለጠፍ፣ ሁለት ቅጾችን አንድ ማድረግ፣ ሪፖርት አድራጊው ሲቀር ተተኪው ማን እንደሆነ መወሰን። ሌላው የበላይ ውሳኔ ይፈልጋል፤ የናሙና ማጓጓዣ፣ የማጣራት በጀት፣ የአካባቢው ቋንቋ በሚናገሩ የመንደር ሰዎች በኩል ወሬ የሚሰበሰብበት መስመር።

ለወረርሽኝ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበ አንድ ግልጽ ዒላማ አለ፤ 7-1-7 ይባላል። ክስተቱ ከጀመረ በ7 ቀን ውስጥ ማወቅ፣ ከታወቀ በ1 ቀን ውስጥ ማሳወቅና ምርመራ መጀመር፣ ከዚያ በ7 ቀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹን የመከላከል እርምጃዎች አጠናቆ መፈጸም። ለእያንዳንዱ እውነተኛ ወረርሽኝ ሦስቱ ጊዜያት ተጽፈው የትኛው እንደተጣሰና በምን ምክንያት እንደሆነ ይለያል። ግምገማው «ሥልጠና ይሰጥ» በሚል ጥቅል ቃል እንዳይዘጋ ይህ ዓይነተኛ መድኃኒት ነው። የዘገየው ማሳወቁ ከሆነ ስልክ፣ የዘገየው ማወቁ ከሆነ መንደሩ ውስጥ ያለ ጆሮ፣ የዘገየው እርምጃው ከሆነ ገንዘብና መኪና ነው የሚያስፈልገው።

ከስድስት ወር በኋላ ገምጋሚው ተመልሶ ያንኑ ጤና ጣቢያ፣ ያንኑ መዝገብ ይገልጣል፤ በአዲሶቹ ወራት የተጻፉትን ሽፍታ ያለባቸው ልጆች ይቆጥርና ከተላከው ሪፖርት ጋር ያስተያያል። ከ12 ልጆች ሪፖርት የተደረጉት 3 የነበሩበት ጤና ጣቢያ አሁን 9 ወይም 10 ካደረሰ፣ ከእንግዲህ የሚልከው ዜሮ ሲመጣ ማመን ይቻላል።